«አንኮበር» የሚሉትን ሰባት ሆሄያት ሁሉ የያዘ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ «በአንኮበር ወረዳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በእንግሊዝኛ ክበባችን የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል (ኤ፣ ኤን፣ ኬ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኢ፣ አር) ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ሰባቱን ሆሄያት ሁሉ የያዘ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዲያመጡ ለተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። አንድ ልጅ ዘጠኝ ሆሄ ያለውን "ብሬክዳውን" አመጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቆመ። ከዚህ የሚረዝም አለ? በጭንቅላትም ሆነ በኮምፒውተር የመፈለጊያው ዘዴ ምንድን ነው? ያለን አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ኢንተርኔት የምናገኘው አልፎ አልፎ ነው። በሌሎች የሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ስምም ውድድር ማዘጋጀት እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦ መምህር፣ በመጀመሪያ ያንን ልጅ ያመስግኑልኝ። «ብሬክዳውን» በቀላሉ የሚገኝ ቃል አይደለም። የሚረዝሙ ግን አሉ። «ሃርትብሮክን» 11 ሆሄ አለው፣ «ባክግራውንደር» 12፣ «ብሮክንሃርትድ» 13። ከዚያም በላይ ማስረዘም ይቻላል፤ ሆኖም ወደዚያ ስንደርስ የምለው አለኝ። የእንግሊዝኛውን ቃል ድምፁን በእኛ ፊደል እጽፋለሁ፤ አጻጻፉ ወሳኝ በሆነበት ቦታ ደግሞ ሆሄያቱን በስማቸው እደረድራለሁ። እርሳስና ወረቀት ይዘው ቢከተሉኝ ይቀልዎታል።

ከዘዴው በፊት ጥያቄውን ራሱን መለየት ያስፈልጋል። «በእነዚህ ሆሄያት ቃል ፈልጉ» ሲባል ተማሪዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊረዱ ይችላሉ፤ በየውድድሩ የማየው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ነው። አንደኛው የእርስዎ ጥያቄ ነው፦ ቃሉ ሰባቱን ሆሄያት ሁሉ ይያዝ፣ ሌላም ሆሄ መጨመር ይችላል። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ ከሰባቱ ውጭ ምንም አይግባ፣ ሰባቱ ሁሉ ግን የግድ አይገቡም። በዚህኛው አረዳድ ከአንኮበር የሚወጡት «ባንከር» እና «ብሮክን» ናቸው፤ ሁለቱም ስድስት ሆሄ አላቸው፣ የመጀመሪያው «ኦ»ን ሁለተኛው «ኤ»ን ያስቀራል። ሦስተኛው ሆሄያቱን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ቦታቸውን ብቻ ማዘዋወር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ቃሉን ወደ ላይ ያስረዝመዋል፣ ሁለተኛው ወደ ታች ያሳጥረዋል፤ ዘዴያቸውም አይገናኝም። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ «ሁሉንም የያዘ፣ ሌላ ሆሄ መጨመር የተፈቀደ» ብለው በግልጽ ይጻፉት።

አሁን በጭንቅላት ወደ መፈለጉ እንሂድ። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰባቱን ሆሄያት እኩል እያየ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ኤ፣ ቀጥሎ ኤን እያለ። ይህ ጊዜ ማባከን ነው። ኤ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኢ እና አር በእንግሊዝኛ ረጅም ቃል ውስጥ ሳይጠሩ የሚመጡ ናቸው። አስቸጋሪዎቹ ኬ እና ቢ ናቸው። የትኛው ሆሄ ብርቅ እንደሆነ ለማወቅ ስክራብል የተባለውን ጨዋታ ማየት ይበቃል። አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ በ1930ዎቹ ጨዋታውን ሲያዘጋጅ በጋዜጣ ገጾች ላይ ሆሄያትን እየቆጠረ ነበር የእያንዳንዱን ብዛት የወሰነው። በእንግሊዝኛው ስክራብል ውስጥ ኢ 12 ጠጠር አለው፣ ኤ 9፣ ኦ 8፣ ኤን እና አር እያንዳንዳቸው 6። ቢ ያለው 2 ብቻ ነው፣ ኬ ደግሞ 1። ኪው፣ ጄ፣ ኤክስ እና ዜድም እንደ ኬ አንድ አንድ ናቸው። ይህንን ሰንጠረዥ በክበቡ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ማንኛውም የሆሄ ስብስብ ሲሰጥ ተማሪው መጀመሪያ የሚይዘው ጠጠሩ ያነሰውን ሆሄ ይሁን።

ብርቁን ሆሄ ከያዝን በኋላ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሆሄ ወደ ቃሉ የሚገባው በየት በኩል ነው? የእንግሊዝኛ ረጅም ቃል የሚሠራው ግንዱ ላይ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ እየተቀጠለ ወይም ሁለት ቃላት እየተጣመሩ ነው። ኬ በተለመዱት ቅጥያዎች ውስጥ ከ«ላይክ» በቀር የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከግንዱ መምጣት አለበት። ዎርክ፣ ብሬክ፣ ስፒክ፣ ቲንክ፣ ባንክ፣ ባክ፣ ቡክ የመሳሰሉትን ይደርድሩ። ቢ ግን ሁለት በር አለው፤ ወይ ከግንዱ ይመጣል ወይ ደግሞ «ኤብል» በሚለው ባዕድ መድረሻ ይገባል።

ይህንን ካስተዋሉ ሥራው ራሱ መንገድ ያሳያል። «ኤብል» «ኤ»ን፣ «ቢ»ን እና «ኢ»ን በአንድ ጊዜ ይሰጠናል። የቀሩት ኤን፣ ኬ፣ ኦ እና አር ናቸው። ማፍረሻው «አን» ዩ እና ኤን ይዞ ከፊት ይመጣል፤ ኤንም ተገኘ። የቀሩት ኬ፣ ኦ፣ አር፤ እነዚህን ደግሞ «ዎርክ» ሦስቱንም ይዟቸው ተቀምጧል። ሲገጣጠም «አንወርከብል» ይሆናል፤ ሊሠራ የማይችል፣ የማያዋጣ ማለት ነው። 10 ሆሄ አለው፣ ከ«ብሬክዳውን» በአንድ ይበልጣል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

ሌላው መንገድ ቢ እና ኬ አብረው የሚኖሩበትን ግንድ መፈለግ ነው። «ብሮክን» ብለው ይጻፉት፦ ቢ፣ አር፣ ኦ፣ ኬ፣ ኢ፣ ኤን። ከሰባቱ ስድስቱ ገብተዋል! የቀረው ኤ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው «ብሮክን ከማን ጋር ይጣመራል?» ወደሚል ትንሽ ጥያቄ ወረደ። ከ«ሃርት» ጋር ከኋላ ሲመጣ «ሃርትብሮክን»፣ ከፊት ሲመጣ «ብሮክንሃርትድ»፤ ከ«ጄይል» ጋር ደግሞ ልጆቹ ስለ ስልክ ሲያወሩ የሚሰሙት «ጄይልብሮክን»። የእርስዎ ተማሪ የሄደው በዚሁ መንገድ በ«ብሬክ» በኩል ነው፤ አምስቱን አግኝቶ ኤንን እና ኦን ከ«ዳውን» ወሰደ። በ«ባክ» በኩል የሄደ ደግሞ «ቢ»ን፣ «ኤ»ን እና «ኬ»ን ይዞ «ግራውንድ»ን ሲጨምር ኦ፣ ኤን እና አር ይገቡለታል፤ የቀረውን ኢ «ኢአር» የሚለው መድረሻ ያመጣዋል። «ባክግራውንደር» የምንለው፣ ለጋዜጠኞች የጉዳዩን መነሻና ታሪክ የሚያስረዳ ጽሑፍ ወይም መግለጫ፣ የተገኘው እንዲህ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ላይ ብቻ የማየው አንድ እንቅፋት አለ። እኛ የምንጽፈው የምንሰማውን ነው፤ ልጁም ቃል ሲያስታውስ በድምፁ ያስታውሰዋል። ስለዚህ የማይነበብ ሆሄ ከአእምሮው ዝርዝር ውጭ ይቀራል። ኬ ያለበት ቃል አምጣ ሲሉት «ኖው» አይመጣለትም፤ ኬ በድምፅ የለችማ። ብርቅ ሆሄ በተሰጠ ቁጥር ልጆቹ ድምፅ አልባዎቹን ለብቻ ይጥሩ፦ ከኤን በፊት የምትቀመጠውን ኬ፣ ከኤም በኋላ በ«ላም» እና በ«ክላይም» መጨረሻ ላይ ዝም የምትለውን ቢ፣ በ«ዳውት» መሐል ያለችውን ሌላዋን ቢ፣ ከአር በፊት የምትደበቀውን ደብሊው፣ ከጂ ጋር የምትጠፋውን ኤች። እንዲህ ሲፈልጉ «ኖውሌጀብል» ላይ መድረሳቸው አይቀርም፤ 13 ሆሄ ያለው፣ ኬ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኢ፣ ኤ እና ቢ ያሉት። ደስ ይላቸውና ይጮኻሉ። አር ግን የለችም። «አንብሬከብል» ደግሞ ሁሉን ይዞ ኦ ይጎድለዋል። ዳኛው ሁልጊዜ ሰባቱን ሆሄያት በወረቀት ላይ ደርድሮ በቃሉ ውስጥ ያገኘውን አንድ በአንድ እየሰረዘ ይመርምር፤ ዓይን በረጅም ቃል ፊት ይታለላል።

ስለ ርዝመት ልናገር ያልኩት እዚህ ጋ ነው። «ብሮክንሃርትድ» ላይ «ሊ» ሲጨመር 15 ይሆናል፣ «ነስ» ሲጨመር 17። ይህ ቃል ማግኘት ሳይሆን ጭራ መቀጠል ነው፤ እኔ ዳኛ ብሆን ሙሉ ነጥቡን ግንዱን መጀመሪያ ላገኘው ልጅ ሰጥቼ፣ ጭራ ለቀጠለው ትንሽ እጨምርለታለሁ። በዚያ ላይ የሰረዝ ጣጣ አለ። የአሜሪካው ሜሪየም ዌብስተር ይህንን ቃል ወጥ አድርጎ ሲጽፈው የእንግሊዞቹ መዝገበ ቃላት «ብሮክን» እና «ሃርትድ»ን በጭረት ይለያቸዋል። ጭረት ያለበት ቃል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? በብዙ የቃላት ጨዋታ ሕግ አይቆጠርም። «ሃርትብሮክን» ግን በሁለቱም ወገን ወጥ ነው፤ ማንም የማይከራከርበት ጥሩ መልስ ከፈለጉ እሱን ይያዙ።

ርዝመትን ለራሱ ሲባል ማምለክ የት እንደሚያደርስ የሚያሳየው በእሳተ ገሞራ ብናኝ ሳቢያ ለሚመጣ የሳንባ በሽታ የተሰጠው ባለ 45 ሆሄ ስም ነው። በ1935 የአሜሪካ የእንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤቨረት ስሚዝ ከሁሉ የሚረዝም ቃል እንዲሆን ብለው ፈጠሩት፤ መዝገበ ቃላትም አስገቡት። ተማሪዎችዎ ይህንን ቃል ሸምድደው በየውድድሩ እንዳያመጡት ከአሁኑ ይከልክሉ። ሆሄው ከመብዛቱ የተነሳ ለብዙ ስብስብ መልስ ይሆናልና ጨዋታውን ይገድለዋል።

ወደ ኮምፒውተሩ ልለፍ። የሚያስፈልግዎ ኢንተርኔት ሳይሆን አንድ የቃላት ዝርዝር ነው፤ በየመስመሩ አንድ ቃል የተጻፈበት ተራ የጽሑፍ ፋይል። ኢንተርኔት ባገኙበት ቀን አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ያስቀምጡት። ለውድድር የምመክረው «ኢኔብል» የተባለውን ዝርዝር ነው። ከ172 ሺህ በላይ ቃላት አሉት፣ መጠኑ ሁለት ሜጋባይት ያህል ነው፣ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት የተለቀቀ ነው፤ የተዘጋጀውም ለቃላት ጨዋታ ስለሆነ የሰውና የአገር ስም፣ ጭረት ያለበትም ቃል አያስገባም። ማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ ከ234 ሺህ በላይ ቃላት ያሉት ሌላ ዝርዝር በውስጡ ተጭኖ ያገኛል፤ ምንጩ በ1934 የታተመው የዌብስተር መዝገበ ቃላት ነው። ይህኛውን ለተማሪ አልመክርም። ሰው ከተወው ዘመን የቆየ ቃልና የተጸውዖ ስም ተቀላቅሎበታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ አብዛኞቹ የብዙ ቁጥርና የኃላፊ ጊዜ ቅርጾች የሉበትም። ልጁ በየቀኑ የሚያየውን ቃል አምጥቶ «የለም» ሲባል፣ ማንም ሰምቶት የማያውቀው ቃል ሲያሸንፍ ማየት ክበብ ያፈርሳል።

ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ ይክፈቱት። አንድ ገጽ 1,048,576 መደዳ ስለሚይዝ ቦታ አይጠብም። ቃላቱ በመጀመሪያው ዓምድ ይሁኑ። በሁለተኛው ዓምድ «ሌን» የተባለውን ቀመር ያስገቡ፤ የቃሉን ርዝመት ይቆጥራል። በሦስተኛው ዓምድ ሁለት ቀመሮችን አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገባሉ፦ ውስጥ «ሰርች»፣ ውጭ «ካውንት»። ለ«ሰርች» ሰባቱን ሆሄያት እያንዳንዳቸውን በትምህርተ ጥቅስ፣ በመካከላቸው ኮማ አድርገው፣ ሁሉንም በአንድ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ይስጡት፤ ቀጥሎ ቃሉ ያለበትን ሳጥን ይጠቁሙት። «ሰርች» ያገኘውን ሆሄ ቦታ በቁጥር ይመልሳል፣ ያላገኘውን ስህተት ይለዋል፤ «ካውንት» ደግሞ ስህተቱን እየዘለለ ቁጥሮቹን ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ በሦስተኛው ዓምድ 7 የወጣለት ቃል ሰባቱንም ይዟል ማለት ነው። ቀመሩን እስከ ታች ይጎትቱት፣ መጀመሪያ በሦስተኛው ዓምድ ቀጥሎ በርዝመት ከትልቅ ወደ ትንሽ ያስደርድሩት። የሚፈልጉት መልስ ከላይ ይሰለፋል።

ይህንን ቀመር ከሌሎች የመረጥኩበት ምክንያት 6 የወጣላቸውንም ስለሚያሳይ ነው። ለአስተማሪ ከሙሉ መልሱ ይልቅ ለጥቂት ያመለጠው ይጠቅማል። እንደ «ኖውሌጀብል» ያሉትን ወጥመዶች አስቀድመው አውቀው መግባት ማለት በውድድሩ ሰዓት አለመደናገር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ይህ ቀመር አይመለከትም፤ የሚደጋገም ሆሄን። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቃል 26 ዓምድ ባለው የስም መጥሪያ ላይ እንደሚመዘግብ አድርገው ያስቡት፤ ሆሄው ካለ ምልክት፣ ከሌለ ባዶ። ሁለት ጊዜ የመጣ ሆሄም የሚያገኘው ያው አንድ ምልክት ነው። አንኮበር ላይ የሚደጋገም ስለሌለ ችግር የለም። ደብረ ሲና ላይ ግን ኢ ሁለት ጊዜ አለች፦ ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ አር፣ ኢ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤ። «ድግግሞሹ አይቆጠርም» ካሉ ባለ 14 ሆሄው «ዲስኤምባርኬሽን» ሁሉንም ይዞ ያልፋል፤ ከመርከብ ወይም ከአውሮፕላን መውረድ ማለት ነው። «ብሬይንዎሽድ»ም ያልፋል። «ሁለቱም ኢ ይግቡ» ካሉ ግን ሁለቱም ይወድቃሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ኢ ብቻ ነው ያላቸው። ያኔ «አንዲዛይረብል» በ11፣ «ከንሲደረብል» በ12 ሆሄ ይነግሣሉ። ሁለቱም በ«ኤብል» የሚያልቁት በአጋጣሚ አይደለም፤ «ኤ»ን፣ «ቢ»ን እና አንዷን ኢ በአንድ ጊዜ የሚያመጣው ይኸው መድረሻ ነው። በኤክሴል ድግግሞሽን ለመቁጠር በ«ሰብስቲቲዩት» ሆሄውን ከቃሉ ያጥፉና የተረፈውን ርዝመት ከመጀመሪያው ርዝመት ይቀንሱ፤ ልዩነቱ ብዛቱ ነው። «ሰብስቲቲዩት» ትልቁንና ትንሹን ሆሄ ስለሚለይ ዝርዝሩ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ትንንሽ ሆሄ ይለወጥ።

የሒሳብ መምህር ጓደኛ ካለዎት ይህንን ይስጧቸው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ዘዴ ነው። ለ26ቱ ሆሄያት በተራ ቁጥራቸው ብቸኛ ቁጥሮችን ያድሉ፦ ለኤ 2፣ ለቢ 3፣ ለሲ 5፣ እያለ እስከ ዜድ፤ ዜድ 101 ይደርሳታል። ከዚያ ቃሉን በሆሄያቱ ቁጥር ብዜት ይተኩት። አንኮበር 2 በ43 በ31 በ47 በ3 በ11 በ61 ሲባዛ 252,232,926 ይሆናል። አንድ ቃል ሰባቱን ሆሄያት መያዙን ማወቅ ከፈለጉ የቃሉን ብዜት በዚህ ቁጥር ያካፍሉ፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ይዟል። ድግግሞሹም በራሱ ይጠበቃል፤ ኢ ሁለት ጊዜ ከተፈለገች 11 ሁለት ጊዜ ይባዛላ። ዘዴው ለክፍል ውስጥ ማሳያ ግሩም ነው፤ ለኤክሴል ግን አይመችም። የ«ብሮክንሃርትድ» ብዜት 17 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ ኤክሴል ደግሞ በትክክል የሚይዘው 15 አኃዝ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን ዜሮ ስለሚያደርጋቸው ማካፈሉ ይዋሻል። በአጫጭር ቃላት ይሥሩበት።

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያውቅ ተማሪ ካለ «ግሬፕ» በተባለው መሣሪያ ይህንን ሁሉ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ኬን ቶምሰን በቤል ላቦራቶሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ነው፤ የሰጡትን ሆሄ የያዙትን መስመሮች ብቻ ያሳልፋል። ሰባት ግሬፕ ተከታትለው ይቀመጡና የአንዱ ውጤት ለሌላው ግብዓት ይሆናል። እዚህም ብርቁ ሆሄ ይቅደም። «ኬ» የተባለውን ሆሄ መጀመሪያ ካደረጉ ዝርዝሩ ወዲያው ይሳሳል፤ በኢ ቢጀምሩ ብዙው ቃል ሳይነካ ያልፋል። ውጤቱ አይለወጥም፤ ልጁ ግን ኮምፒውተሩ እሱ በወረቀት የሠራውን እንደሚሠራ በዓይኑ ያያል።

የወረዳዎቹን ስም በተመለከተ፣ ጨዋታውን ከመጀመርዎ በፊት የላቲን አጻጻፉን ይወስኑ። ሸዋን አንዱ በኢ እና በደብሊው፣ ሌላው በኦ ይጽፈዋል፤ ደብረ ብርሃንም «ብር» ላይ በአይና በኢ ሁለት ዓይነት ይጻፋል። አጻጻፉ ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል። ሸዋን ኤስ፣ ኤች፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኤ ብለው ከወሰኑ ለጀማሪዎች የሚመች ቀላል ስብስብ ነው፤ ብርቱ ልጅ «ሆልሃርትድነስ» ላይ 16 ሆሄ፣ «ስትሬይትፎርዋርድነስ» ላይ 19 ሆሄ ያገኛል።

እንሳሮ ልዩ ነው። ኢ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ኤ፣ አር፣ ኦ የሚሉትን ሆሄያት በፊደል ተራ ሲደረድሯቸው ኤ፣ ኢ፣ ኤን፣ ኦ፣ አር፣ ኤስ ይሆናሉ። «ሪዝን» የሚለውን ቃል፣ ምክንያት ማለት ነው፣ እንዲሁ ቢደረድሩት ያው ተራ ይወጣል። ስለዚህ እንሳሮ ለሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ፣ ሆሄ ለማዘዋወር፣ የተሰጠ ስም ነው፤ ለረጅም ቃልም «አንሪዝነብልነስ»ን በ16 ሆሄ ያስገኛል። ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ሆሄ እንዳላቸው ለማወቅ ሆሄያቸውን በተራ ደርድሮ ማስተያየት ይበቃል፤ ኮምፒውተርም በዚሁ ዘዴ ሊሠራ ይችላል።

ደብረ ብርሃን ለሁለት ምድብ ይበቃል። በአይ ሲጻፍ 11 ሆሄ አለው፤ ድግግሞሹን ካልቆጠሩ የሚቀሩት ስምንት ናቸው። «ብራንዲሽድ» ስምንቱንም ይዟል፣ ጎራዴ መዝዞ እንደማወዛወዝ ያለ ትርጉም ያለው ግስ ነው። የሚያስቀው ግን «ሄርብሬይንድ» የሚለው ነው። እሱም 11 ሆሄ አለው፤ ከከተማዋ ስም ጋር ሲመሳከር አሥሩ አንድ ናቸው፣ ሁለተኛዋ ቢ ብቻ በኤ ተተክታለች። ትርጉሙ «ማሰብ የጎደለው» ስለሆነ የደብረ ብርሃን ልጆች ባሉበት ውድድር ላይ ይህንን መልስ የሚያነብ ሰው ድፍረቱን ይዞ ይቁም።

መንዝ አራት ሆሄ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፣ ዜድ ግን አለች። በዜድ ረጅም ቃል ሲፈለግ ሁሉም የሚሮጠው «አይዜሽን» ወደሚለው መድረሻ ነው፤ «ኮምፓርትመንታላይዜሽን» 20 ሆሄ፣ «ዲሚሊታራይዜሽን» 16 ሆሄ። ጣጣው እነዚህን ቃላት ብዙ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች በኤስ የሚጽፏቸው መሆኑ ነው፤ የተማሪዎችዎ መጻሕፍትም ሁለቱንም ይቀላቅላሉ። በዜድ መጻፍ የአሜሪካ ብቻ ነው የሚል ከተነሳ፣ የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ራሱ ዜድን እንደሚመርጥ ይንገሩት። ከክርክሩ ሙሉ በሙሉ መራቅ ከፈለጉ ግን «አይዜሽን» የተከለከለ ነው ይበሉና ልጆቹን «ሜንት» ወደሚለው መድረሻ ይምሯቸው። ኤም፣ ኢ እና ኤን በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ የቀረው ዜድ ያለበትን ግስ መፈለግ ብቻ ነው። «አሜዝመንት» በ9 ይጀምራል፣ «ኢምቤዝልመንት»፣ ምዝበራ፣ በ12 ይከተላል፣ «ባምቡዝልመንት»፣ ማታለል፣ በ13 ይበልጠዋል። ሦስቱም በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ በዜድ ነው የሚጻፉት።